የምሳ ሰዓት ጠያቂዎች

ሆስፒታላችን አዲስ መዋቅር የመጣለት ጊዜ፣ ግማሹ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ተንሳፋፊ» ተባለ። ምደባ ያጣ ሠራተኛ ማለት ነው። ቃሉን የመረጠው ሰው ጣና ዳር ቆሞ ሳያስበው አልቀረም፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ ተረፍኩ። ደም ለታካሚ ይስማማ እንደሆነ የምትመረምረው የላቦራቶሪ ባልደረባዬ፣ የማርያም ማኅበር አብረን የምንጠጣው፣ አልተረፈችም። ቅሬታ አቀረበች። ያለ እሷ ሥራው እንደሚጎዳ ከታየ ትመለሳለች ተባለ።

ላቦራቶሪው በአንድ ሰው ቀረ፤ አንድ ቀን እሱንም ወባ ጣለው። በዚያው ቀን ከደልጊ የመጣች ወላድ ደም ይፈሳት ጀመር። ደሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ የሚመረምረው የለም። ለዚያችው የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ደወልኩላት። ተንሳፋፊ እንዳያሳልፍ ለጥበቃው ተነግሮታል። ነገር ግን ምሳ ሰዓት ነበርና ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ከአስታማሚዎች ጋር ተሰለፈች። ጥበቃው ለዓመታት ሰላም ሲላት የኖረ ሰው ነው። አየት አደረጋትና ጠያቂ ነሽ ወይ አላት። ነኝ አለችው፤ አሳለፋት። ወላዷም ዳነች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። እንደ እሷ የተንሳፈፉት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም፣ የፋርማሲው ልጅም፣ ምሳ ዕቃ እየያዙ በጠያቂ ሰዓት ይገባሉ፤ የተቆለለውን ሥራ አቃለው ይወጣሉ። ታካሚው ምን አጠፋ ይሉ ነበር። እኛ የቀረነው እያመሰገንን፣ አንዱ ቢያዝስ እያልን ልባችን ተንጠልጥሎ እንውላለን።

ማንም አልተያዘም። ይልቅ አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራንና ሥራ አስኪያጁ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀንሶ አገልግሎታችን ለአንድ ቀን እንኳ አለመቆሙን፣ ስለዚህም የሄዱት ትርፍ እንደነበሩ መረጋገጡን ነገረን። ቅሬታዎቹም ሊዘጉ ነው አለ። ተጨበጨበ። ማታውኑ ሄጄ ለጓደኛዬ ነገርኳት።

በሳምንቱ የላቦራቶሪው ሰው ለሐዘን ይፋግ ሄዶ ሳለ፣ ከዱርቤቴ የመጣች ልጅ እግር ሴት የበኩር ልጇን በወለደች ቅጽበት ደም አጥለቀለቃት። ደወልኩ።

«በምሳ ዕቃ አልገባም» አለችኝ ጓደኛዬ። «በገባሁ ቁጥር የገዛ እንጀራዬን ስዘጋ ኑሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ይጥራኝ፤ በሥራዬ ይጥራኝ።»

«ልጅቱ እየሞተች ነው እኮ፣ እቴ።»

«እንግዲያማ ሩጪ። መጥቼ በር ላይ እቆማለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ነበሩበት። ጸሐፊዋ ስትከለክለኝ ገፍቼ ገባሁ። ደም የሚመረምር ሰው የለም አልኩት። እስከ ዛሬ ማን ሲሠራው ነበር አለኝ። ያባረሯት አልኩት። በመስኮቱ በኩል በሩ ይታያል፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። እሱም አያት። እንግዶቹ ፊት ቃሉን ማጠፍ ከበደው። እሱ ሲያመነታ እኔ የሚታየኝ የልጅቱ አንሶላ ነበር። በስንት መከራ ስልኩን አንሥቶ ጥበቃውን እንዲያስገባት አዘዘው።

ሮጣ ገባች። ደሙ ደረሰ፤ ግን ዘግይቶ ነበርና ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ ማኅፀኗን አወጡት።

ጓደኛዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ቀስ በቀስ ብዙዎቹም ተመለሱ። ሆስፒታሉ አገገመ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ልጅቱ የምትወጣ ዕለት ሕፃኑን አዝላ ልትሰናበተኝ መጣች። እጄን ይዛ መረቀችኝና የሚቀጥለውንም እናንተው ዘንድ ነው የምወልደው አለችኝ። ለኦፕራሲዮኑ የፈረመው ባሏ ነው፤ ለእሷ ማንም አልነገራትም። አልጋው ጫፍ ላይ መልሼ አስቀመጥኳትና ነገርኳት።