ቦንቦሊኖ አልነቃነቅ ያለች ዕለት

የድንቅነሽን ቤት የማያውቅ የአቃቂ ሰው የለም፤ ቤቱን ባያውቅ ሽታውን ያውቃል። ይህን ፊት ለፊቷ ነው የምናገረው፤ ጎረቤቷ ነኝ፣ እሷም ትስቃለች። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ስትወጣ «እንግዲህ ትረፍ» ስንል አሳማ ማርባት ጀመረች! ባሏ ሰይፈሥላሴ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣ ሰንበቴ የማይቀር ሰው ነው። በረቱ አጠገብ ሲያልፍ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ይጥላል።

መጀመሪያ የገዛቻት ገና ያልወለደች ኮረዳ አሳማ ነበረች። ቦንቦሊኖ አለቻት። ወልዳ በረቱን ትሞላለች ብላ ነው። ግን ድንቅነሽን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቤቷ የገባ ሳይጠግብ አይወጣም። የሆቴል ትርፍራፊ ቀቅላ፣ ፉርሽካ ደባልቃ፣ «ብዪ በሞቴ!» እያለች በእጇ ታጎርሳታለች። ቦንቦሊኖም በላች፣ ሰባች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ደረሰ። ወንድ ግን አልፈልግ አለች።

በገላን በኩል አውራ አሳማ ያለው ሁንዴ መጥቶ ሲያያት ራሱን ያዘ።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ለእርድ ነው እንዴ ያሰቡዋት? ኮረዳ እንዲህ ከወፈረች ወንድ አያምራትም። አሁን ቀጠን ትበል፣ ኋላ ደግሞ መኖ ይጨምሩላታል። ጀርባዋን ሲጫኗት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ የቆመች ዕለት ግን ያኔውኑ ያምጡልኝ፤ ነገ አይባልም!»

ሰይፈሥላሴም ቀጠሮ ቆረጠ፦ «እስከ ርክበ ካህናት ካልሆነላት ትሸጣለች፤ በረቱም ይፈርሳል።»

ዐቢይ ጾም ገባ። ሆቴሉም ጾመኛ ነውና ትርፍራፊው ሽሮና ጎመን ሆነ፤ ጉርሻም ቀረ። ቦንቦሊኖ ቀጠነች። «የድንቅነሽ አሳማ ሁዳዴ ያዘች» እያልን ስንስቅ ከረምን። ከዚያ ፋሲካ! ትርፍራፊው በቅቤ ራሰ፣ ቦንቦሊኖም ፈሰከች። ድንቅነሽ በየጠዋቱ ጀርባዋን ትጫናለች፤ አሳማዋ እየጮኸች ታመልጣለች።

ርክበ ካህናት ደረሰ። የአራጅ መኪና በር ላይ ቆመ። ድንቅነሽ ማየት አልቻለችም፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ጫኚዎቹ በገመድ ቢስቧት ቦንቦሊኖ ወይ ፍንክች! ሰይፈሥላሴ ትዕግሥቱ አለቀ። ነክቷት የማያውቀው ሰው ጋቢውን ወርውሮ፣ በሁለት መዳፉ ጀርባዋን ተጭኖ ሊገፋት ሞከረ። አልሸሸችም፣ አልጮኸችም። ጆሮዋን አቁማ ግንድ ሆነች።

«ድንቄ፣ ነይ እስቲ! ይቺ አሳማሽ ምን ነካት?»

ድንቅነሽ እንባዋን እየጠረገች ወጣችና ባየችው ነገር እልል አለች።

«ሰይፉ፣ እጅህን አታንሣ! በማርያም፣ አታንሣ!»

«ሞተች እንዴ?»

«ወንድ ፈለገች! ሁንዴ ያለው ይኸው ነው! ቆመች!»

እኛም ከአጥር ማዶ ተቀበልናት፤ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ሰይፈሥላሴ በረቱን አየ፣ እንባ ያቀረረች ሚስቱን አየ፣ እጁንም አየ።

«በል ሹፌር፣» አለ ጎርነን ብሎ፣ «መንገድህን ቀይር። ወደ ሁንዴ ቤት!»

እጁን ሲያነሣላት ቦንቦሊኖ የድንቅነሽን ባልዲ ተከትላ መኪናው ላይ ወጣች። ሰይፈሥላሴ ጋቢና ተቀምጦ ክላክሱን እስከ ገላን አላቋረጠም።

ዛሬ በረቱ በግልገሎች ይንጫጫል። ሰይፈሥላሴ አሁንም ሥጋቸውን አይቀምስም። ስለ እርባታ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሲኖር ግን ከድንቅነሽ ቀድሞ ይወጣና መዳፉን ዘርግቶ ያሳያል፦ «በዚህ እጄ ነው ያወቅኋት!»