አፍንጫዬ ያስጠራቸው ሽማግሌዎች

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ዋይትሆል ባለው አፓርታማችን ተቀምጠው ባለቤቴን ራሄልን ለምን እንደምሸሻት ጠየቁኝ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ተጠያቂ የሆንኩበት ያ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኮቪድ ይዞኝ ነበር። ዳንኩ፤ ማሽተት ግን አልቻልኩም። ሐኪሜ የማሽተት ልምምድ አዘዘችልኝ፤ የጽጌረዳ፣ የሎሚ፣ የቅርንፉድና የባሕር ዛፍ ዘይት ከጠርሙስ፣ ጠዋትና ማታ፣ የድሮ ሽታቸውን እያሰብኩ። ጠርሙሶቹን አፍንጫዬ ሥር የምትይዝልኝ ራሄል ነበረች።

"አሁንስ?" ትለኛለች።

"ምንም።"

"ወይ ሰነፍ ተማሪ!" ብላ ትስቃለች።

ነሐሴ ላይ ማሽተት ጀመርኩ፤ ሽታው ግን ተጣሞ መጣ። ሽንኩርት እንደተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የራሄል ፀጉርና ገላ ደግሞ እንደበሰበሰ ነገር። ሐኪሜ፣ ነርቮቹ እያገገሙ ስለሆነ ጥሩ ምልክት ነው፣ ታገሥ አለችኝ። የሽንኩርቱን ለራሄል ነገርኳት። የእሷን አልነገርኳትም። ሶፋ ላይ ማደር ጀመርኩ፤ ስታቅፈኝም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ይህን አየች፤ ሽማግሌ ጠራች።

"እውነቱን አውጣ። ሌላ ሴት ይዘሃል?" አሉ አጎቷ ጋሼ ታደሰ።

"አልያዝኩም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

ሐኪሜ ያለችኝን በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ራሄል እንዴት እንደምትሸተኝም ጨምሬ ተናገርኩ።

ከግሮቭ ሲቲ መጋዘን በቀጥታ ከሥራ የመጡት ጋሼ መኮንን ሳቃቸው አመለጣቸው። "እኔንም ኮቪድ ይዞኝ ነበር። ሚስቴን የምሸሻት ግን ስለምፈራት ነው!"

ጋሼ ታደሰ አልሳቁም። "አፍንጫ ትዳር ሲያፈርስ አላየሁም። በሴት ምክንያት በሽታ የሚፈጥር ወንድ ግን አይቻለሁ" አሉ።

ያመነችኝ ራሄል ብቻ ነበረች። የባሰውም እሱ ነው።

"ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በሰው ፊት ገማሽ አልከኝ።"

"የጠራሻቸው አንቺ ነሽ" አልኳት።

በሳምንቱ እዚያው ከተማችን ዳርቻ፣ ደብሊን የምትኖረው እህቷ ዘንድ ሄደች። ኮል ሳደርግላት አታነሣም። አንዴ አነሣችና፣ "ሥራ ቦታ አጠገቤ ሰው ሲቆም ፈቀቅ እላለሁ። ሻወር ወስጄ እንኳ አላምንም" አለችኝና ዘጋችው።

ያን ቀን ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት አንድም አልነበረም። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

በ2022 ግንቦት ላይ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። የሸተተኝ የድሮው የራሷ ጠረን ነበር።

ፍቺያችን ግን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት ላይ ጸድቆ ነበር።