የፈሪ አምፕሊፋየር

የባለቤቴ ወንድም ሲሞት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችና ብቻውን የዘመራቸው መዝሙሮች ያሉበት ፍላሽ ትቶ ሄደ። ለስፒከሮቹ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ከእሱ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር። እናቱ ከፑኝዶ እኛ ዘንድ ጋምቤላ መጥተው በእነዚያው ስፒከሮች የልጃቸውን ድምፅ ሊሰሙ ፈለጉ፤ አምፕሊፋየር የመግዛቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

"ስፒከሮቹን ብታቃጥላቸው እኔና አንተ አንድ ቤት አንኖርም" አለችኝ ባለቤቴ። ቀልድ እንዳልሆነ ከዓይኗ ገባኝ።

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ መቶ ዋት ተጽፏል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የሃያ ዋት ገዛሁ። ትንሽ ጉልበት ምን ይጎዳል?

እሁድ ከቸርች መልስ አማቴ ስፒከሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መዝሙሩ ከመጀመሩ ዝናቡ መጣ። የጋምቤላ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው አጠገቡ ካለው ጋር እንኳን አይደማመጥም።

"አይሰማም። ጨምር" አሉ። ጨመርኩ።

"ልጄ፣ ጨምር።"

ለአማት እምቢ አይባልም። መጨመሪያውን ጥግ አደረስኩት። የሟቹ ድምፅ ሻከረ፣ ተሰነጣጠቀ። አማቴ ፊት ግን መቀነስ አልደፈርኩም። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ በኋላ የታፈነ ጉርምርምታ ብቻ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል። አማቴ በማግስቱ ወደ ፑኝዶ ተመለሱ፤ ባለቤቴም ስፒከሮቹን አሸክማ ወደ ጠጋኝ ላከችኝ።

ጠጋኙ ስፒከሮቹን ከፍቶ ሳቀብኝ።

"ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተሩ ነው የሄደው። ያቃጠለችው ትንሿ አምፕሊፋየርህ ናት። ከአቅሟ በላይ ስትጨናነቅ ድምፁን ትቆራርጠዋለች፣ የተቆራረጠው ደግሞ ትዊተሩን ይፈጀዋል። ለመቶ ዋት ስፒከር መቶ ዋት ስጠው፤ ብቻ ጥግ አታድርሰው።"

ተናደድኩ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። ትዊተሮቹን አስቀየርኩ፣ የመቶ ዋቱንም አመጣሁ።

ስንለምናቸው አማቴ እንደገና መጡ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ እጄን እጄን ታያለች። መጨመሪያውን በቀስታ አዞርኩት። ሩብ እንኳን ሳይደርስ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ከመዝሙሩ በፊት የሳበው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ዝናቡ ሲጀምር ጥቂት ጨመርኩለት፤ አልሻከረም።

አማቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"አፍንጫው ተዘግቷል፤ ጉንፋን ይዞታል" አሉ። "በስልክ ስጠይቀው ግን ደህና ነኝ ይለኝ ነበር።"