የእትዬ ላታ ሲኒዎች

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዋዜማው እትዬ ዘይነባ ከልጅነት ሰፈሬ ከጎንደር ደውለው፣ «ቲቸር ዘንድሮ ዲዋሊን አላከብርም ብለዋል። አንተ ብትመጣ ይሰሙህ ይሆናል» አሉኝ። ቲቸር የምንላቸው ሒሳብ ሊያስተምሩኝ ብዙ የደከሙ ሕንዳዊ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዲዋሊ ደግሞ የአገራቸው የመብራት በዓል ነው። ባለቤታቸው እትዬ ላታ በክረምቱ ዐርፈዋል።

ሚኒባሱ ወረታ ላይ ሽንኩርት ጫነ፤ ግማሹ እግሬ ሥር ገባ። እንፍራንዝ ወርደን ፉል በላሁ። ቃሪያው አስለቀሰኝ፤ ለነገሩ እኔም ሰበብ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ልብ አላልኩትም። እትዬ ላታ ሰፈራችን መጥተው የመጀመሪያውን ዲዋሊ ሲያከብሩ ልጅ ነበርኩ። ሲኒ ገዝተው ደጃፋቸው ላይ ሲደረድሩ እናቴና እትዬ ዘይነባ ቡና የተጠሩ መስሏቸው ቆሎ ይዘው ከተፍ አሉ። ለካ ሲኒው ውስጥ ያለው የኑግ ዘይትና የጥጥ ፈትል ነው! ሲስቁ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ዲዋሊን ያለ ቆሎ አክብሮ አያውቅም።

ቲቸር «እንኳን አደረሰዎ» ሲባሉ «አመሰግናለሁ» ይላሉ። እትዬ ላታ በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን በል እንጂ!» ይሏቸው ነበር። ያን ሁሉ ቀመር በቃላቸው የያዙ ሰው ይቺ አልያዝ ብላቸው ኖረች።

አምስት ሰዓት፣ ጎንደር

ቲቸር ከስተዋል። «ልጄ፣ በእኛ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ዲዋሊን አያበራም» አሉኝ።

እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ምነው ቲቸር፣ በእኛ ደግሞ ሐዘንተኛ በበዓል ቀን ብቻውን አይቀመጥም። እርስዎ አያብሩ፤ እኛ እናበራለን።»

አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን ሲኒ አውጥቶ በየደጃፉ ለኮሰ፤ አንዱ ባለ አበባ፣ አንዱ ጠርዙ የተሸረፈ። ያልበራው የቲቸር ደጃፍ ብቻ ነው። እሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ እኛም ከበብናቸው። እትዬ ዘይነባ ቆሎ እያዘገኗቸው፣ «እንኳን አደረሰዎ» አሏቸው።

ቲቸር ወደ ጎናቸው ዞር ብለው አዩ፤ የሚጎሽማቸው የለም።

«እንኳን…» አሉ። «እንኳን አብሮ አደረሰን።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር ቤቴ ገባሁ። ያንን መልስ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስበው ስለው ኖሬያለሁ። የቲቸር ሒሳብ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ ይቺ ግን ገባችኝ።