ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ

ጭላሎ ግርጌ ካለው ችግኝ ጣቢያ አሰገደች የምትባል ፎርማን ነበረች። አፈር ነፍታ፣ ላስቲክ ሞልታ፣ ዘር ዘርታ ያሳደገችውን ችግኝ የነካባትን ሰው ገበሬም ይሁን ሹም አትምረውም፤ ባሏ እንኳ «ቤት የምትመጪው ለእንግድነት ነው?» እያለ ያሾፍባታል።

በሰባ ስምንት ክረምት ወንድሟን ለመዳር ሁሩታ ሄዳ ስትመለስ፣ የበላይ ትእዛዝ ወርዶ ችግኟ ሁሉ ጨፌው ላይ ተተክሎ ጠበቃት። ጨፌው ከመንደሩ በታች ያለው ረግረጋማ የሣር መስክ ነው። ለተከለ ስንዴና ዘይት ይሰጥ ስለነበር አገሩ ሁሉ ወጥቶ ተክሏል።

እሷም ደስ ብሏት ልታይ ወረደች። ችግኞቹ ግን ጠውልገዋል። አንዱን ነቀል ብታደርገው፣ ከነላስቲኩ! ሁለተኛውም ያው! ሦስተኛውም! በንዴት ጨፌው ዳር ወደቆሙት የገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌ ኦቦ ጉደታ ሮጠች።

«ኧረ ኦቦ ጉደታ፣ እርስዎ እያሉ? ሥራቸው ታፍኖ እንዲሞቱ ነው የተከላችኋቸው?»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ችግኙን ጠልተን መስሎሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ጨፌው ዛፍ ከሆነ ላሞቹ በበጋ ምን ይግጣሉ? ጎጆውስ በምን ይከደናል? ምንጩንም ባሕር ዛፍ ይጠጣዋል።»

«ታዲያ ትእዛዙ ሲነገር በስብሰባው ላይ አትናገሩም ነበር?»

«እጅ አውጡ አሉን፣ አወጣን» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

አሰገደች ዙሪያዋን ቃኘች። ቀና ስትል ከጨፌው በላይ ያለው ገላጣ ዳገት ታያት። ጎርፉ የሚወርደው፣ አፈሩን ጠርጎ ጨፌው ላይ የሚደፋው ከዚያ ነው። ዛፍ የሚያስፈልገው ለዚያ አልነበረም? «ምነው ቀድሜ ባሰብኩት!» ብላ ራሷን ረገመች።

ይህን ስትል የችግኝ ተከላ ዘመቻው ተቆጣጣሪ ጓድ አበጋዝ በፈረስ ከች አለ። ጉደታ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ችግኝ ሆን ብሎ መግደል በዚያ ዘመን አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ ደግሞ ወህኒ ቤት ነው የሚያድረው።

አበጋዝ ወርዶ ልጓሙን ለቀቀ። ፈረሱ ከመንገድ የመጣ ነውና ርቦታል፣ ሣሩን ነጨ፤ አብሮም አንድ ችግኝ ከነላስቲኩ መዞ አወጣ። አበጋዝ አንስቶ አገላበጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ዓይኑን ጉደታ ላይ ተከለ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት!» አለች አሰገደች፣ ሳታስበው። «ጨፌው ማቆያ ነው፣ ጓድ። ላስቲኩ ያልወጣው ሲነሱ ሥራቸው እንዳይጎዳ ነው። የሚተከሉት እዚያ፣ ዳገቱ ላይ ነው።» ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ እሷኑ ገረማት። ካላመናት ግን እሷም ከጉደታ ጋር መታሰሯ ነው።

አበጋዝ ዳገቱን አየ፣ ጨፌውን አየ፣ ሣሩን የሚያጋብሰውን ፈረሱንም አየ። «ሦስት ቀን ሰጥቻችኋለሁ» አለና ሄደ።

እግዚኦ ያ ሦስት ቀን! የሚነቅል ነቀለ፣ የሚሸከም ተሸከመ፤ ሴቱ በቅርጫት፣ ወንዱ በአህያ ዳገቱን ወጣ። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች። በዚህ ጊዜ ስንዴ የሰጣቸው የለም፤ ስንዴም የጠየቀ አልነበረም። ባሕር ዛፉን ከምንጩ አርቃ፣ ጽዱንና ኮሶውን በየቦታው እያደለደለች፣ አሰገደች ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

በሦስተኛው ቀን አበጋዝ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ አንዱን ችግኝ መዥረጥ አደረገ። ላስቲክ የለም፤ ሥሩ ከነአፈሩ ተንጠለጠለ። ጉደታ «ተመስገን!» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንባቸው መጣ።

«በሉ እንግዲህ ጓድ» አለች አሰገደች በተዘጋ ድምፅዋ፣ «የነቀሉትን መልሰው ይትከሉ።»

አበጋዝ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ተከለው፤ በጫማው ጫፍም ነካ ነካ አድርጎ ሊነሳ ሲል አላስቻላትም።

«ጠበቅ አድርገው ይርገጡት እንጂ!»