የምታፈሰው መኪና

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በታች በነበረው የአባቴ ጋራዥ ነው። ያኔ አባቴ ሬንጅ ሊያቀልጥ ፍም ሲያያይዝ፣ የጋራዡ ዘበኛ አያ ሁሴን እጃቸውን እያሞቁ ይጀምሩልናል፤ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ፈቀቅ የሚል ልጅ አልነበረም።

አንድ የክረምት ምሽት ግን ከልጆቹ እኔ ብቻ ነበርሁ። ፋኖሱ ሥር ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰች አሮጌ የጣሊያን መኪና ቆማለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር የሚነዳት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለስብሰባ በሄደ ቁጥር ዝናቡ ከፊት መስታወቱ ሥር እየሰረገ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ አንዴ ደፍኖለት ነበር፤ ባሰባት። ያን ቀን ሊቀመንበሩ መጣና፣

«ጓድ ይማም፣ ነገም ከረጠብሁ ይህ አሻጥር ነው» ብሎት ሄደ።

ያኔ በዚያ ቃል ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየንም። እናቴ የአባቴን ጋቢና ቅያሪ ልብስ ጠቅልላ በር ሥር አስቀመጠች።

አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ መስታወቱ ሥር ያለውን ቆርቆሮ ስንጥቅ በስንጥቅ በሬንጅ መረገው። ውሃ አፈሰሰበት። ውስጥ ጠብ አለ። ደግሞ መረገ፤ ደግሞ ጠብ አለ። አያ ሁሴን ተረታቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ ሁሴን፣ አንቱ ደግሞ ዛሬም ተረት?» አለ አባቴ።

«ዝም ብልስ መኪናዋ ትደርቅልሃለች? ለልጁ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንዱን የገራዶ ባላገር ጎርፍ አስቸገረው። ግቢውን ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ከተረው፤ ውሻው የሚሾልክበትን እንኳ አላስቀረም። የደጁ ጎርፍ ደጅ ቀረ። የሰማዩ ግን ግቢው ውስጥ ወረደ፤ መውጫ አጣ፤ ሞላ፤ ገባ ወደ ቤት። ላሚቱ አልጋው ላይ ወጣችልህ!»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ።

«ወላሂ፣ ባላገሩ እኔ ነኝ» አለ።

በመጀመሪያው ቀን፣ በቆርቆሮው ግራና ቀኝ ጥግ ትንንሽ ቀዳዳ አይቶ፣ ውሃው የሚገባው በዚህ ነው ብሎ ደፍኖት ኖሯል። ለካ ውሃው በዚያ ነበር ወደ መሬት የሚወርደው። መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። አባቴ ሽቦ በፍሙ አግሎ ሬንጁን በሳው። ውሃ አፈሰሰ። ከጎማው ኋላ መሬት ላይ ሲንዶቀዶቅ ሰማን፤ ውስጡ ደረቅ ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መኪናዋን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ሐረጎ በጉምና በዝናብ ጠፍቶ ዋለ። አባቴ ሥራ አልነካም፤ መንገድ መንገዱን ሲያይ የአሱር ሶላት ሰዓት ሆነ። መኪናዋ መጣች። ሊቀመንበሩ ወረደ፤ ሱሪውን አየን፤ ደረቅ ነው።

«ጓድ ይማም፣ በሩ ይጮኻል። ዘይት አድርግበት።»

«እሺ ጓድ» አለ አባቴ።

ያኔ ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ይኸኛው አለ። ለልጅ ልጆቼ ሳወራላቸው ላሚቱ ጋ ሲደርስ ይንከተከታሉ፤ አልቆጣቸውም። የአባቴ ፍርሃት ምን ያህል እንደነበር እኔም የገባኝ፣ ሊቀመንበሩ ከሄደ በኋላ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሬንጃም እጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ ሳየው ነው።