የየኔታ ሰንሰለት ቁልፍ

መሳቢያዬ ውስጥ እስክሪብቶ ስፈልግ እጄ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን የዛገ ቁልፍ ነው። ስይዘው መዳፌ ብረት ብረት ይሸታል፤ ከሽታው ጋር እርጥብ ድንጋይና የገብስ ገለባ ይመጣብኛል። ነርሷ "ዶክተር፣ ይሄ የምንድን ነው?" ስትለኝ "የካዝናዬ" እላታለሁ። ካዝናው ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያኔ የሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ሰርጀን ልሆን። ጉራዬን ብታይ ጋይንት ምድር ከእኔ በፊት ቢላ የያዘ ሰው ያለ አይመስልህም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ልምምዳችንን ጨርሰን ስንወጣ ጓደኛዬ "እዚህ የሚቀር ሐኪም ስቴቶስኮፑን ምን ላይ ያሳርፋል? ሐሳብ ላይ?" ብሎ በሳቅ ገድሎን ነበር። እናቴ ደግሞ አማተበች። "ሌላውን ሁሉ ሁን፤ የእብድ ሐኪም ብቻ እንዳትሆን። ማን ልጁን ይሰጥሃል?" እኔም ሚስት እንዳላጣ ስል ሆድ መቅደዱን መረጥኩ።

ለፋሲካ ንፋስ መውጫ ስገባ ግን ወሬ ጠበቀኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አእምሯቸው ታሞ፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ካለ ጸበል ታስረው ተቀምጠዋል።

ሄድኩ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ ጓጉንቸር፣ ከሥሩ ቁስል። ወንድማቸው ዱላ ይዞ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ሆስፒታል ወስዷቸው የታዘዘላቸው ክኒን ሳይነካ ኪሱ ውስጥ ነበር።

"ለምን አልሰጠሃቸውም?"

"ጸበሉን ያረክስብኛል ብዬ ነዋ!"

አጥማቂው መነኩሴ ሰሙት። "ጸበል በክኒን የሚረክስ ቢሆን፣ አንተ ስትገባበት ምን ይተርፈው ነበር? በጸበሉ ይዋጡት።" ከዚያ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ወደ እኔ ዘረጉ። "የፈራ ሁሉ ቁልፉን እኔ ላይ ጥሎት ሄደ። ሐኪም አይደለህም? ፍታቸው።"

እግዜር ያሳይህ፣ የመጀመሪያውን አስከሬን ስቀድ እንኳ እንደዚያ አልተጠነቀቅኩም፤ ቁልፉን አስገብቼ አዞርኩ። ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ። የኔታ ብድግ አሉ። ወንድማቸው ወደ ኋላ ሸሸ።

"አንተ ልጅ፣" አሉኝ፣ "ፊደል ቁጠር።"

ጺማም ሰውዬ ሆኜ ተንበርክኬ ቆጠርኩ። ከፍርሃት የተነሳ መሐል ላይ አንድ መስመር ዘለልኩ። እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። ወንድማቸው ዱላውን አነሳ።

"ተው!" አልኩት፣ ዓይኔን ከየኔታ ሳልነቅል።

እጃቸው ጆሮዬ ላይ አረፈ። እንደ ድሮው ቆነጠጡኝ፤ እንደ ድሮው ግን አላመመኝም። "አሁንም ትዘላለህ" አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። ክኒኑን በጸበል ዋጡ፤ ቁስላቸውንም እንዳጥብ እግራቸውን ሰጡኝ።

መነኩሴው ሲሸኙኝ "ቁልፉን ይዘኸው ሂድ፤ እዚህ ካለ መልሰው ይቆልፉባቸዋል" አሉኝ። ወር ሳይሞላ የኔታ ተማሪ ሰብስበው አስተማሩ ተባለ። ሆስፒታል ተመልሼ በየዋርዱ እየዞርኩ "ያዳንኳቸው እኔ ነኝ" ብዬ አወራሁ፤ አፌን ማን ይዞት!

ዛሬ ጓደኛዬ ሰርጀሪን ትቼ ለምን የአእምሮ ሐኪም እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ "ደም ፈርቼ" እለዋለሁ፤ ይስቃል። የሚስቁበትን መልስ መስጠት ይቀለኛል።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ የየኔታ ክኒን አለቀ። ወንድማቸው "ድነዋል እኮ" ብሎ ሌላ አላመጣም። እኔም፣ ያ ሁሉ አዳኝ ነኝ ባይ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውዬ አልጠየቅኩም። በመስከረም ስሄድ የኔታ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ሰንሰለቱ ያው ነው፤ ጓጉንቸሩ ግን አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ።

ቁልፌን አውጥቼ ሞከርኩ። አልገባም። ገልብጬ ሞከርኩ።

የኔታ እጄን ሲያዩ ቆዩና፣ ድሮ አርፍጄ ስመጣ እንደሚሉኝ፣ ቀስ ብለው "ዘገየህሳ" አሉኝ።